ዘግይቶ የገባው ከበሮ

ፒያሳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ማሕሌት በሚቆምበት ሌሊት ከበሮው መጀመሪያ ላይ አይሰማም። ሊቃውንቱ ዜማውን በቁም ይሉታል፤ ያለው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ዝማሜው ሲቀጥል መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል። ከበሮው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ በመረግዱ ይጠነክራል፣ ጽፋት ላይ ሲደርስ ከጭብጨባው ጋር ይጣደፋል። የሚመታው ሰው ግን ከመጀመሪያው አንስቶ እዚያው ቆሞ ነበር። ከበሮው ሲገባ ደረት ላይ የሚሰማው ነገር ከምቱ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሳይመታ ከቆየበት ሰዓትም የመጣ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ አንድ እንግሊዛዊ የሮክ ድራመር ልጽፍ ስለሆነ ነው። ፊል ኮሊንስን አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የማያውቀው ሰው እንኳ በድምፁ ያውቀዋል። ማታ ማታ ኤፍ ኤም ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶ ሲጠጣ ሰምቶታል። የምናውቀው ግን በዘፋኝነቱ ነው፤ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን የሚዘፍን ፈረንጅ። ድራመር መሆኑን ሲሰሙ የሚገረሙ ብዙ ናቸው። እኔ ደግሞ ዘፈኖቹን የጻፈው ድራመሩ ነው እላለሁ። ኮርዱን (አብረው የሚነኩ ድምፆችን) ያሳነሰው፣ ግጥሙን ያሳጠረው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከበሮውን አስቀምጦ መጠበቅን ያወቀው ከድራሙ ጀርባ ሃያ ዓመት ስለተቀመጠ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ «በእኛ» ካላልኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው።)

የተወለደው ጃንዋሪ 30 ቀን 1951 ለንደን ውስጥ ነው። አምስት ዓመቱ ላይ ለገና የመጫወቻ ከበሮ ተሰጠው፤ ቀጥሎ አጎቶቹ ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ድራም ሠሩለት። አሥራዎቹ ውስጥ ገና ሲገባ ዌስት ኤንድ ላይ «ኦሊቨር!» በተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር አርትፉል ዶጀርን ሆኖ ተጫውቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኋላ ከድራሙ ተነስቶ ማይክ ፊት ሲቆም መድረክ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

በ1970 ጄነሲስ የተባለው ባንድ ድራመር እንደሚፈልግ ሜሎዲ ሜከር ጋዜጣ ላይ አስነገረ። ፈተናው የነበረው የባንዱ ዘፋኝ የፒተር ጌብርኤል ወላጆች ቤት ነው። ኮሊንስ ቀድሞ ስለደረሰ ተራው እስኪደርስ የዋና ገንዳው ውስጥ እንዲዋኝ ተነገረው። ውሃ ውስጥ ሆኖ ከእሱ በፊት የገቡት ድራመሮች የሚፈተኑበትን ሙዚቃ ሲሰማ ቆየ። ተራው ሲደርስ ሙዚቃውን ያውቀዋል። ሰዎች ይህን እንደ ዕድል ያወሩታል። እኔ የጆሮ ሥራ ነው የምለው፤ ገንዳው ውስጥ የነበረ ሌላ ሰው ይዋኝ ነበር።

ጄነሲስ ያኔ ረጅምና ውስብስብ ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ ነበር። በ1972 ባወጡት አልበም ውስጥ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሥራ አለ፤ አንዱ ክፍሉ በ9/8 ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ቆጠራ ላይ ድራመሩ ከጠፋ ባንዱ በሙሉ ይጠፋል። ጌብርኤል በ1975 ባንዱን ሲለቅ ብዙ ዘፋኞች ተፈተኑ። ዘፈኖቹን ለተፈታኞቹ የሚያስጠናው ኮሊንስ ነበር፤ በመጨረሻ እሱ ራሱ ዘፈነ። በ1976 የወጣው አልበም የእሱ ድምፅ ነው። ለመድረክ ግን ሌላ ድራመር አስፈለገ። መጀመሪያ ቢል ብሩፎርድ፣ ከ1977 ጀምሮ ደግሞ ቼስተር ቶምፕሰን ገባ። ኮሊንስ ዘፈን በሌለበት ክፍል ወደ ኋላ እየሄደ ከቶምፕሰን ጋር በሁለት ድራም ይጫወት ነበር። ሁለቱ ማን የት እንደሚመታ ተከፋፍለው፣ ተለማምደው ነበር የሚወጡት። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዘፈን ጸሐፊነቱ የጀመረው በ1979 አካባቢ፣ ትዳሩ ሲፈርስ ነው። ሁለቱ የባንዱ ጓደኞቹ የየራሳቸውን አልበም በመሥራት ላይ ነበሩ። እሱ ሱሬ ውስጥ ባለው ቤቱ ብቻውን ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ትራክ የሚቀዳ የቴፕ መሣሪያ፣ ፕሮፌት 5 የሚባል ሲንተሳይዘር፣ ፒያኖና ሮላንድ ሲ አር 78 የተባለ ድራም ማሽን አስቀመጠ።

ድራም ማሽኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለአዲስ አበባ ድራመር ይህ ስስ ቦታ ነውና። በደርግ መጨረሻና ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ባንዶች ሲመናመኑ፣ ብራሱም ድራሙም ከካሴት ላይ እየጠፋ አንድ ኪቦርድ ቦታቸውን ያዘ። ቢቱ ከኪቦርዱ ይመጣል፣ ቤዙ ከኪቦርዱ፣ ክራሩ እንኳ ከኪቦርዱ። የካሴቱ ሽፋን ላይ የሚጻፈው ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ነው፤ ድራም የሚል መስመር እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ ብዙ ድራመሮች ማሽኑን እንደ ባላጋራ ያዩታል፤ አልፈርድባቸውም። ከዓለም ታዋቂ ድራመሮች አንዱ ግን ትልቁን ዘፈኑን «ኢን ዚ ኤር ቱናይት»ን የጻፈው ማሽኑን ከፍቶ፣ ከድራሙ ወንበር ተነስቶ ነው። ማሽኑ ሰዓቱን ስለጠበቀለት ሁለቱም እጆቹ ኮርድ ለመያዝ ነፃ ወጡ። ድራመር ሲጫወት አራቱም እግርና እጁ ሥራ ላይ ነው፤ ኪቦርዱን በምኑ ይንካው?

አሠራሩ ቀላል ነበር፣ ማንም ሊሞክረው ይችላል። ማሽኑ አንድ ዓይነት ቢት ደጋግሞ ይመታል። በላዩ ሁለት ወይም ሦስት ኮርድ ረዘም አድርጎ ይይዛል። ማይኩ ክፍት ነው፣ ቴፑ እየቀዳ ነው፣ እሱ የመጣለትን ያዜማል። «ኢን ዚ ኤር ቱናይት» ላይ የምንሰማው ግጥም አብዛኛው እንዲህ ማይክ ፊት በአፉ የመጣ እንጂ ወረቀት ላይ ተቀምጦ የተጻፈ እንዳልሆነ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ሰው ሲሰምጥ አይቶ ዝም ስላለ ሰው የተጻፈ ነው የሚባለው ወሬ ውሸት ነው፤ ይህንንም ራሱ አስተባብሏል። የቤቱ ቅጂ በኋላ ወደ ስቱዲዮ ቴፕ ተገልብጦ በላዩ ተጨመረበት እንጂ አልተጣለም። በ1981 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ላይ የምንሰማው የማሽን ድምፅ የዚያ የብቸኝነት ክፍል ድምፅ ነው።

ዘፈኑ በደቂቃ ወደ 95 ምት ይሄዳል። የተሠራው በዲ ማይነር፣ በሲና በቢ ፍላት ነው፤ ጀማሪ ኪቦርድ ተጫዋች በአንድ ቀን ይይዛቸዋል። ዋናው ድራም የሚገባው 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አካባቢ ነው። አስሉት፤ 87 ባር ገደማ ይመጣል። ከዘፈኑ ሁለት ሦስተኛው ካለፈ በኋላ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ማሽኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይንተከተካል፣ ሲንተሳይዘሩ እንደ ጉም ይንሳፈፋል፣ ድምፁ ደግሞ ሊናገረው ያልፈለገውን ነገር እንደሚያፍን ሰው ነው። ከዚያ አሥር ምት ይመጣል፤ ሁለት ሁለት እያለ አራት ጊዜ፣ በመጨረሻ ሁለት ነጠላ። እጅ ፍጥነት አይጠይቅም፤ ሁለት ወር የተማረ ልጅ ይመታዋል። እዚያ ድረስ ሳይነካካ መቀመጡን ግን አሥር ዓመት የተጫወተም አይችለውም።

የሚያስደንቀው፣ ይህ መጠበቅ ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር። የአትላንቲክ ሪከርድስ ኃላፊ አህመት ኤርተጉን ቅጂውን ሲሰማ ድራሙ የት አለ፣ ሬዲዮ ላይ ሰው ግራ ይገባዋል አለ። ስለዚህ በነጠላ ለወጣው ቅጂ ኮሊንስ ቀደም ብሎ የሚገባ ድራም ጨመረበት። ሁለቱንም ቅጂ ፈልጋችሁ አከታትላችሁ ስሙ። ያው አሥር ምት ነው፣ ያው ሰው ነው የመታው። ከመጀመሪያው ድራም ያለበት ላይ ግን አሥሩ ምት ድራመር በየመሃሉ እንደሚያስገባው ማንኛውም አጭር ማሸጋገሪያ ምት ያልፋል። የአልበሙ ላይ ቤቱ ይናወጣል። ማሕሌት ላይ ከበሮው ከቁም ዜማው ጋር አብሮ ቢጀምር ምን እንደሚጎድል የሚያውቅ ጆሮ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

የድራሙ ድምፅ ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። የተገኘው የፒተር ጌብርኤል ሦስተኛ አልበም ሲቀዳ፣ ለንደን ውስጥ ታውንሃውስ በተባለ ስቱዲዮ ነው። ኢንጂነሩ ሂዩ ፓጅም ነበር። ክፍሉ ግድግዳው ድንጋይ ነው። ኤስ ኤስ ኤል የሚባለው ሚክሰር ሙዚቀኞቹ የሚነጋገሩትን ለመስማት ብቻ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ማይክ ነበረው። ከሩቅ የሚናገርም ከቅርብ የሚጮኽም እኩል እንዲሰማ በዚያ ማይክ መስመር ላይ እጅግ የሚጨፈልቅ ኮምፕሬሰር ገብቶበታል። ኮሊንስ ድራሙን ሲነካካ በዚያ ማይክ የገባው ድምፅ ሁሉንም አስደነገጠ፤ መስመሩን ለቀረፃ እንዲሆን አስተካከሉት፣ በላዩ ድምፁ ሲደክም መስመሩን የሚዘጋ ኖይዝ ጌት ጨመሩ። ጌብርኤል ደግሞ ሲምባል (የድራሙን የብረት ሳህን) እንዳይመታ አስቀድሞ ከልክሎ ነበር። ያ ክልከላ ባይኖር ድምፁ አይገኝም ነበር፤ ምክንያቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ይህን ድምፅ አዲስ አበባ ውስጥ ለማግኘት የድንጋይ ስቱዲዮ መከራየት አያስፈልግም። ያላለቀ ፎቅ፣ የኮንክሪት ደረጃ፣ ሴራሚክ የተነጠፈበት ሰፊ ሳሎን ይበቃል። ምንጣፍና መጋረጃ ካለ አንሱ። የቅርብ ማይኮቹ እንዳሉ ሆነው አንድ ወይም ሁለት ማይክ ከድራሙ ሁለት ሦስት ሜትር አርቃችሁ ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጉ። የሩቁን ማይክ በኮምፕሬሰር አጥብቃችሁ ጨፍልቁት፤ ሬሾው ከ10 ለ1 በላይ፣ መርፌው 15 ወይም 20 ዴሲቤል እስኪወርድ ድረስ። ከዚያ ጌቱን አስከትሉ። ጌቱን የሚከፍተው የሩቁ ማይክ ራሱ ሳይሆን የስኔሩና የቶሞቹ (ከድራሙ ከበሮዎች መካከል በእጅ የሚመቱት) የቅርብ ማይክ ይሁን፤ ሳይድቼይን የሚባለው ነው። ሆልዱን (ጌቱ ተከፍቶ የሚቆይበትን) ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ፣ ሪሊሱን (ለመዘጋት የሚፈጅበትን) 20 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ አድርጉና ጀምሩ። ውጤቱ ሰፊ ሆኖ ሳለ እንደ በር ድርግም ብሎ የሚዘጋ ድምፅ ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ዋነኛው ሲምባል ነው። ኮምፕሬሰሩ ደካማውን ድምፅ ከፍ ስለሚያደርግ የሲምባሉ ጭራ እንደ ማዕበል ይነሳል፤ ጌቱ ሲዘጋ ደግሞ መሃሉ ላይ ይቆረጣል፣ ጆሮ ይጎረብጣል። ሲምባል የግድ ካስፈለገ ድራሙ ካለቀ በኋላ ለብቻው ቅዱት። ሁለተኛው የከተማችን ጣጣ ነው፤ ያ ኮምፕሬሰር የጎረቤትን ጄነሬተር፣ የመንገዱን ጥሩምባ፣ የግንባታውን ድሪል ሁሉ ከድራሙ እኩል ያወጣዋል። ስለዚህ ሌሊት ወይም እሑድ ጠዋት ማለዳ መቅዳት ይሻላል። ቶሞቹ የታችኛው ቆዳቸው ቢወጣ ድምፁ አጭርና ደረቅ ይሆናል፤ ኮሊንስም በዚያ ዘመን የሚመታቸው ባለ አንድ ቆዳ ቶሞች ነበሩ። የላይኛው ቆዳ ከላላ ግን ጌቱ የሚያወጣው ካርቶን ሲመታ ነው፤ ዙሪያውን በየቡሎኑ ጣታችሁን እያሳረፋችሁ እኩል አጥብቁት።

ሦስተኛው ስህተት እኛን ብቻ ይመለከታል። በ95 ፍጥነት አንድ ምት ከሌላው 632 ሚሊ ሰከንድ ይርቃል፤ በመሃሉ ጌቱ ተከፍቶ ለመዘጋት ሰፊ ጊዜ አለው። ችክችካ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ባሩ ስድስት ትንንሽ ምት አለው፤ ሁለቱ ትልልቅ ምቶች በደቂቃ 120 ቢሄዱ እያንዳንዱ ትንሽ ምት 167 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ሆልዱን 200 ላይ ከተዋችሁት ጌቱ ጭራሽ ሳይዘጋ ቀጣዩ ምት ይደርሳል፤ የምትሰሙት ጭቃ ነው። ወደ 100 አውርዱት፣ ወይም ጌቱ በስኔሩ ብቻ እንዲከፈት አድርጉና ቶሞቹን ተዉአቸው። ይህንን ሒሳብ ሳይሠሩ «የውጭው ድምፅ እኛ ሙዚቃ ላይ አይሆንም» ብለው የሚተዉ አሉ፤ ይሆናል፣ ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ።

ድራመር ሆናችሁ በኮሊንስ መንገድ አማርኛ ዘፈን መጻፍ ብትሞክሩ እሱ ያልገጠመው ችግር ይገጥማችኋል። ትርጉም የለሽ ድምፅ እያዜሙ መጀመሩ ጥሩ ነው፤ ቃሉን ሲያለብሱት ነው ጣጣው። አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል። «አለ» ብላችሁ ላላ አድርጋችሁ ስታዜሙት «ተናገረ» ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። ዜማው የሚጠብቀውን ፊደል አላልቶ ካለፈው ሰሚው ሌላ ነገር ይሰማል። ስለዚህ ቃሉን ዜማው ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ያለ ዜማ፣ ጠረጴዛ ላይ በጣት እየመታችሁ ተናገሩት። ድራመር እዚህ ላይ ከሌላው ይበልጣል፤ የጠበቀው ፊደል የት እንደሚያርፍ እጁ ይነግረዋል። ሌላው የስንኙ ልክ ነው። የወል ቤት ስድስት ቀለም ብሎ ያርፋል፣ ደግሞ ስድስት ይላል። ይህ 6/8 ላይ ቁጭ ይላል። በአራት በሚቆጠር ቢት ላይ ግን ከየሐረጉ በኋላ የሚተርፍ ባዶ ቦታ አለ። አብዛኛው ጀማሪ ያንን ባዶ ቦታ «ኧኸ» በሚል ወይም አንድ ቀለም በመጎተት ይሞላዋል። ተዉት። ያ ክፍተት ዘፋኙ የሚተነፍስበት ነው፣ ከፈለጋችሁም አንድ የቶም ምት የምታስቀምጡበት።

የኮሊንስ ሙዚቃ ለእኛ ጆሮ የቀረበበት አንድ ምክንያት ብራሱ ይመስለኛል። በመጀመሪያው አልበሙ ላይ ያስነፋው የኧርዝ፣ ዊንድ ኤንድ ፋየርን የጡሩንባ ቡድን ነው። በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ባንዶች ያደገ ጆሮ ብራስ አጠር አድርጎ ሲመታ ወዲያው ይነቃል።

ስለ ገንዘቡና ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። ጄነሲስ ከ1983 ጀምሮ ሦስቱም ባዶ እጃቸውን ስቱዲዮ ገብተው፣ ድራም ማሽን ከፍተው አብረው እየሞከሩ ነበር የሚሠሩት፤ ዘፈኖቹ በሙሉ በሦስቱም ስም ተመዘገቡ። ኮርዱን ማን አመጣ፣ ቢቱን ማን አመጣ የሚል ክርክር በዚህ ቀረ። እኛ ዘንድ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ ነው) የግጥምና የዜማ አመንጪን በአንድ በኩል፣ ከዋኙን በተዛማጅ መብት በኩል ይጠብቃል። የአመንጪው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። በከዋኝነት ብቻ የተመዘገበ ድራመር ያለው ድርሻ ሌላ ነው። ስለዚህ ቢት ብቻ አምጥታችሁ «ዜማው የእኔም ነው» ከማለት ይልቅ ዜማ ስታመጡ በድምፃችሁ አዚማችሁ ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ቀኑ ይያዝ። ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊትም የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። ጓደኝነት ሳለ የሚፈረም ወረቀት ነው፤ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ማንም አይፈርምም።

አሁን ወደ ሰባ ሰባት ልሂድ፤ በእኛ 1977 ማለቴ ነው። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ከኮረም የማይክል በርክን የረሃብ ዘገባ አስተላለፈ፤ ምስሉን የቀረፀው መሐመድ አሚን ነው። ያንን ያየው ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ዘፈን ጽፎ፣ ኅዳር 16 ቀን የእንግሊዝንና የአየርላንድን ዘፋኞች ለንደን ውስጥ ሳርም ዌስት ስቱዲዮ ሰበሰበ። በዚያ ዘፈን ላይ የምንሰማው ሕያው ድራም የኮሊንስ ነው። ዩር ሙዚቃውን አስቀድሞ በማሽን ሠርቶት ነበር። ኮሊንስ ሙሉ ድራሙን ይዞ መጣ፣ ገጣጠመው፣ ከዚያ ዘፋኞቹ ሁሉ እስኪጨርሱ እስከ ምሽት ጠበቀ። ሲመታ ዩር በመጀመሪያው ቅጂ ረክቶ ነበር፤ ልድገመው ያለው ኮሊንስ ራሱ ነው።

ስለ ዘፈኑ ግጥም ቅሬታ አለኝ። ገናን ከሺህ ዓመት በላይ ላከበረ ሕዝብ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ መጠየቅ ያማል፣ ዛሬም ያማል። ግጥሙ ግን የኮሊንስ አይደለም። የእሱ ድርሻ ከበሮው ነው፤ እሱን ለይቼ ስሰማው ወሎና ትግራይ ውስጥ ስለሚሞት ሰው የሚገባውን ክብደት የያዘው ክፍል እሱ ይመስለኛል። ማሽኑ ብቻውን ቢቀር ዘፈኑ ቀላል ይሆን ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 6 ቀን፣ በዚያው በ77፣ ለረሃቡ ገንዘብ ማሰባሰቢያ የተዘጋጀው ላይቭ ኤድ ኮንሰርት መጣ። ኮሊንስ ለንደን ዌምብሊ ስታዲየም ተጫወተ፣ ኮንኮርድ ተሳፍሮ አትላንቲክን ተሻገረ፣ በዚያው ቀን ፊላደልፊያ ላይ ደግሞ ተጫወተ። ለኤሪክ ክላፕተን ድራም መታ፣ የራሱን ዘፈነ፣ ቀጥሎ ከሌድ ዜፕሊን ጋር ተቀመጠ። እዚህ ላይ ነው የተሰናከለው። ሌላው ድራመር ቶኒ ቶምፕሰን ነበር። ሁለቱ ድራመሮች አብረው በቂ ልምምድ አላደረጉም። ባንዱም በኋላ ያንን ቀረፃ በዲቪዲው እንዳይካተት ከለከለ፤ ኮሊንስ ራሱ ተነስቶ መውጣት አስቦ እንደነበር ተናግሯል። ሁለት ድራመር ያለ ልምምድ ሲቀመጥ የሚበላሸው ቤዝ ድራሙ ነው። ሁለት እግር በ20 ወይም 30 ሚሊ ሰከንድ ሲለያይ አንድ ከባድ ምት መሆኑ ይቀርና ሁለት የደከመ ምት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንዱ ቤዝ ድራምና ስኔር ይይዛል፣ ሌላው ቶምና ሲምባል ብቻ፣ ሁለቱም አንድ ክሊክ (ፍጥነት ጠባቂ ምት) በጆሯቸው ይሰማሉ። ከቼስተር ቶምፕሰን ጋር ተከፋፍሎ ሲያደርገው የኖረውን ነገር በዚያ ቀን ለማድረግ ጊዜ አልነበረም። ለሀገራችን ረሃብ በተሰበሰበው ዝግጅት ላይ የተፈጠረ ስለሆነ ይሆናል፣ ያንን ቀረፃ ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

አካሉ የከፈለውን ሳላነሳ ብቀር ድራመሮች ይቀየሙኛል። በ2007 ጄነሲስ እንደገና ተሰብስቦ ዓለምን ዞረ። ከዚያ በኋላ የአንገቱ አከርካሪ ከቦታው መንሸራተቱ ታወቀ፤ በ2009 በቀዶ ሕክምና ተስተካከለ፣ የእጁ ጣቶች ግን ስሜታቸው ጠፋ። ምክንያቱን ራሱ ሲናገር ለሃምሳ ዓመት ድራም ላይ የተቀመጠበትን አኳኋን ጠቅሷል። በ2010 ባወጣው አልበም ላይ ለመጫወት ስቲኩን እጁ ላይ በፕላስተር አሰረ። በአንድ ጆሮው መስማት ያቆመው ደግሞ ቀደም ብሎ፣ በ2000 ገደማ ነው፤ እሱ በቫይረስ የመጣ ነው ተባለ እንጂ ከድራሙ አይደለም።

ድራም እየመቱ የሚዘፍኑ ልጆች፣ በተለይ በአብያተ ክርስቲያናት የአምልኮ ቡድን ውስጥ በሳምንት ሦስት አራት ቀን የሚያገለግሉት፣ ይህን አሁኑኑ ያስተካክሉ። ዳሌ ከጉልበት ትንሽ ከፍ እንዲል ወንበሩን አንሱ። ማይኩን ወደ አፋችሁ አምጡት እንጂ አንገታችሁን ወደ ማይኩ አትዘርጉ፤ ረጅም ክንድ ያለው ስታንድ ከጎን ወይም ከኋላ አስገቡ። ኮሊንስ ግራኝ ነው፣ ድራሙ ሃይ ሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ሲምባል) በቀኝ፣ ትልልቆቹ ቶሞች በግራ ተደርጎ ይገጠማል። በጋራ ድራም ላይ የሚጫወት ግራኝ ልጅ ግን ለመቀየር ጊዜ ስለማይሰጠው በቀኘኛ አሰላለፍ ላይ ተጠማዞ ይጫወታል። ሃይ ሃቱና ትልቁ ቶም ብቻ ቢለዋወጡ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ወገቡ ይተርፋል። ጆሮንም አትርሱ። የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤልን ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቅዱት። በጠባብ አዳራሽ ውስጥ ድራም ከ100 በላይ በቀላሉ ይወጣል፤ የጆሮ መድፈኛ ሳያደርጉ ሁለት ሰዓት መለማመድ ጆሮን መሸጥ ነው።

በ2017 ኮሊንስ ወደ መድረክ ተመለሰ። ከዘራ ይዞ ወጣ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ድራሙ ላይ የተቀመጠው የ16 ዓመት ልጁ ኒክ ነበር። ጄነሲስም ለመጨረሻ ጊዜ ማርች 26 ቀን 2022 ለንደን ላይ ሲጫወት ድራመሩ ኒክ ነው። አባቱ በዚያን ጊዜ ስቲክ መያዝ እንኳ በጭንቅ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። በእነዚያ በራሱ ዝግጅቶች ላይ ያ ዘፈን ሲደርስ ማሽኑ ይንተከተካል፣ አባትየው ጀርባውን ለድራሙ ሰጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይዘፍናል። ጊዜው ሲደርስ ከኋላው አሥሩ ምት ይመጣል።